የልኬት ቀን ጫማ

የአባቴ ድምፅ ሲሰበር በሕይወቴ መጀመሪያ የሰማሁት በስልክ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቼ ወደ መኝታ ክፍሌ ስሄድ ስልኬ ጠራ። አባቴ ያለ ምክንያት አይደውሉም።

«አዲሴ፣ እህል ቀምሰሻል?» አሉ መጀመሪያ።

ቀምሻለሁ አልኋቸው።

«ትርንጎ አረፈች» አሉ። የቀረውን መናገር አቃታቸው።

እውነቱን ልጽፍ ብዬ ተቀምጫለሁና ልጻፈው። በዚያች ደቂቃ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ ቅናት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ሻንጣየን ይዤ ከቤት ስወጣ አባቴ ትከሻየን መታ አድርገው «በርቺ» አሉኝና ወደ ማሳቸው ሄዱ። ለኔ ያልተሰበረው ድምፅ ለእታለም ትርንጎ ተሰበረ። ደብረ ታቦር ብርድ ላይ ስልኩን ጆሮየ ላይ እንደያዝሁ በሞተች ሴት ቀናሁ።

እታለም ትርንጎ ዘመዴ አይደለችም። በዐሥራ ሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ ነው እታለም የምላት። እብናት ተድራ ነበር፤ ትዳሩ አልሆነላትም፤ ፈትታ እናቷ ዘንድ ተመለሰች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትሄድ ከወገቧ በላይ የማይነቃነቅ ሴት ነበረች። ትምህርቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እኔ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ ቅናቴ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ጽድ አፋፍ የሚባል የጋራ ደን አለን። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶና አስታ የሞላበት፣ ከቀበሌያችን በላይ ገደሉን ይዞ የሚወርድ ደን ነው። የሚጠብቀው የአገሩ ሰው ያቋቋመው ማኅበር ሲሆን ሊቀ መንበሩ አባቴ ናቸው። ዛፍ ሲያድግ ካርቦን የሚባለውን ነገር ከአየሩ ስቦ በግንዱ ውስጥ ያስቀምጣል። እኛ ደኑን ሳንቆርጥና ከብት ሳናስገባ ከጠበቅን፣ በየጊዜው ምን ያህል እንደጨመረ ይለካል። መርማሪዎች መጥተው ልኬቱን ካመኑበት በሩቅ አገር ያለ ኩባንያ ያንን ጭማሪ ይገዛል፤ ገንዘቡም ለማኅበሩ ይመጣል። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ አንድ ሰው ግንድ ላይ የሚጠመጥመው ሜትር ነው። ያን ሜትር ለመያዝ የነበረኝን ጉጉት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሰው ይቀልድብን ነበር። አንበሳሜ ገበያ ስንወርድ የጌሾ ነጋዴዎቹ «አየር ሻጮቹ መጡ፤ ዛሬስ በስንት ቁና ሰፈራችሁ?» ይሉናል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እታለም ትርንጎ ግን ቆም ብላ «ቁናውን አምጡና እንስፈርላችሁ፤ ብቻ ቀዳዳ እንዳይኖረው» ትላቸዋለች። እነሱ ይስቃሉ፤ ጌሾውንም ጨመር አድርገው ይሸጡላታል።

ሜትሩ እንዴት እሷ እጅ እንደገባ ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ባለሙያ ልኬት ሊያሠለጥን መጣ። ከማኅበሩ ልጆች ስምንት ተመረጥን። ባለሙያው የሰጠንን ጽሑፍ እኔ በሁለት ቀን በቃሌ ያዝሁት። እታለም ትርንጎ ሠልጣኝ አልነበረችም፤ ወጥ ልትሠራልን ነበር የመጣችው። በሦስተኛው ቀን ደኑ ውስጥ ገባንና እያንዳንዳችን አንድ ዛፍ እንድንለካ ታዘዝን። መለኪያው ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ነው፤ የሰው ደረት አካባቢ ማለት ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ሁላችንም እንዲመቸን ከታች በኩል ቆመን ለካን። እሷ ማማሰያዋን እንደያዘች ከድንጋይ ምድጃው አጠገብ ታየን ነበር።

«ከላይ በኩል ቁሙ እንጂ» አለች።

«ለምን ይመስልሻል?» አለ ባለሙያው።

«ከታች ያለውን አፈር ክረምቱ ይወስደዋል። ዘንድሮ ከታች ቆመው የለኩትን ዛፍ ለከርሞ ቢለኩት መሬቱ ዝቅ ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ ሜትሩም ወደ ወፍራሙ የግንዱ ክፍል ይወርዳል። ዛፉ ሳያድግ ያደገ ይመስላቸዋል።»

ጽሑፉ ላይ «ከተዳፋቱ በላይኛው በኩል» የሚል ነበር። በቃሌ ይዤው ነበር። እግሬ ግን ታች ቆመ። ባለሙያው ሜትሩን ከእጄ ወስዶ ለእሷ ሰጣት። እኔ መዝጋቢ ሆንሁ፤ እሷ ትለካለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ወጡ ያን ቀን አርሮ በላነው።

የእሷን የሥራ ልማድ ያየ ሰው አይረሳውም። አንድ ጥንድ ጥቁር የኮንጎ ጫማ ነበራት። ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን አታደርገውም፤ የልኬት ቀን ብቻ ነው የምታደርገው። ቀሚሷ ላይ፣ ደረቷ ዘንድ፣ በቀይ ክር የተሰፋ አጭር መስመር አለ። ያንን ጫማ አድርጋ ቀጥ ብላ ስትቆም ክሩ ከመሬት ልክ አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ ያርፋል። ሌላ ጫማ ካደረገች ልኩ ይዛባል። መለኪያ ዱላ የለንም እንዳትሉ፤ አለን። «ዱላ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ እኔን አትጥሉኝም» ትል ነበር።

ከመለካቷ በፊት መዳፏን ግንዱ ላይ ታሳርፋለች። ሽበቱን፣ ማለቴ ግንዱን የሚያለብሰውን ነጭ ሽበት መሳይ ነገር፣ በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች። ሜትሩን ታጠማጥማለች፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ትጠራለች፤ እኔ አንድ ጊዜ እመልስላታለሁ። አንድ ቀን አንድ ወይራ ስልሳ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር አለፍ አለ።

«ወደ ስልሳ ሁለት ይጠጋል» አልኋት።

«ይጠጋል እንጂ መች ደረሰ? ያየሽውን ጻፊ፤ የወደድሽውን ለራስሽ ያዢው።»

እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆጠቁጠኛል። ቤት ስገባ ደግሞ አባቴ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ትርንጎ ምን አለች?» ነው። የፈተና ውጤቴን ይዤ ገብቼም «ትርንጎ ምን አለች?» ተብያለሁ። ከአፋፉ በኩል ያሉት ኮሶዎች እየደረቁ ነው ብዬ የነገርኋቸውን ረስተው፣ በሳምንቱ እሷ ስትነግራቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ መርማሪዎቹ በግንቦት እንደሚመጡ ተነገረን። ማኅበሩ ያን ገንዘብ አጥብቆ ይጠብቅ ነበር፤ የጤና ኬላው ግድግዳ ቆሞ ጣሪያ አልነበረውም። በጥር የእታለም ትርንጎ እናት ታመው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኙ፤ እሷም ልታስታምም ወረደች። በእሷ ቦታ ማን ደኑን ይጠብቅ ሲባል አባቴ ወደኔ ጠቆሙ። ሌላ ሰው ስለሌለ ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ አልመሰለኝም።

ደኑ ውስጥ ለናሙና የተመረጡ ክልሎች አሉ። መርማሪዎቹ ሙሉውን ደን አይለኩም፤ እነዚያን ክልሎች ለክተው ስለ ሌላው ይገምታሉ። ክልሎቹ የት እንዳሉ የምናውቀው የምንለካው ሰዎች ብቻ ነን። ማዕዘናቸው ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት አለ፤ ሌላ ምልክት የላቸውም። ለምን እንደዚያ እንደተደበቁ ባለሙያው ነግሮን ነበር። እኔ ግን እንደ ቤት ልጅ፣ ቦታውን እንግዳ የሚመጣበት ደጅ አድርጌ አሰብሁት። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ደጁ ይጠረጋል፤ መቀመጫው ይነጠፋል። የትምህርት ቤቱን የአካባቢ ክበብ ልጆች ሰበሰብሁና ወደ ሦስቱ ክልሎች ይዣቸው ወጣሁ። ቀጋውንና አጋሙን መነጠርን። ከየዛፉ ሥር ክብ አድርገን ኮተኮትን። ከበረታችን ፍግ በጆንያ አመላልሰን አለበስነው። በጋው ሲከርር በጀሪካን ውሃ አጠጣን። ዛፎቹ ወፍረው፣ ቦታው ጸድቶ፣ አባቴ አይተው «ይህን ማን ሠራው?» ሲሉ ይታየኝ ነበር። አንድ ሰው ከሌላ ሰው የበለጠ እንደሠራ የሚያሳይ ነገር ፈልጌ ነበር።

እታለም ትርንጎ የተመለሰችው መርማሪዎቹ ሊመጡ ዐሥር ቀን ሲቀር ነው። እናቷን አስተኝታ በማግስቱ ጧት «ነይ እንውጣ» አለችኝ። ወደ መጀመሪያው ክልል ስንደርስ ቆመች። መሬቱ ቀይና ልስልስ ነበር። ዛፎቹ ሥር ያለው ፍግ ገና ይሸታል። ከክልሉ ውጭ ያለው ደን ግን እንደነበረ ነው፤ እሾሁ እሾህ፣ ቅጠሉ ቅጠል።

«ማን ነው?»

«እኔና የክበቡ ልጆች።»

«ለምን?»

«እንዲያምር። ዛፎቹም እንዲያድጉ።»

ጎንበስ ብላ አፈሩን ዘገነች፣ አሸችው፣ ለቀቀችው። ተቆጥታ ቢሆን በቀለለኝ።

«አዲሴ፣ እዚህ ያለው ዛፍ የሚለካው ለራሱ አይደለም፤ እዚያ ላለው ለማይለካው ምስክር እንዲሆን ነው። አንቺ ምስክሩን ብቻ ለይተሽ መገብሽው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ባለሙያው የነገረን ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። 

«ለአባየ አትንገሪብኝ፣ እታለም።»

«ለአባትሽ አልነግርም። ለእንግዶቹ ግን እነግራለሁ።»

«ማን አደረገው ቢሉሽስ?»

 ወደ ሁለተኛው ክልል መሄድ ጀምራ ነበር።

መርማሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ትልቁ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ዳገቱ ያደከማቸው ሰው ናቸው። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ፊት ይሄዳሉ። እሷ የልኬት ቀን ጫማዋን አድርጋለች። እኔ መዝገቡን ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። ክልሉ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆሙ። ያሰብሁትን ያህል አልተገረሙም። መሬቱን አዩ፣ ከክልሉ ውጭ ያለውንም ደን አዩ።

«ጌታው፣ ይህን አትለኩት» አለች እታለም ትርንጎ። «ይህና ሌሎች ሁለት ክልሎች ተኮትኩተዋል። ፍግም ገብቶባቸዋል። ደኑን አይመስሉም።»

«ማን ኮተኮተው?» አሉ ሰውየው።

አፌን ከፍቼ ነበር። እንደከፈትሁት አስታውሳለሁ። ድምፅ ግን አልወጣም።

«የልኬቱ ኀላፊ እኔ ነኝ። ስሕተቱ የኔ ነው ብለው ይጻፉ» አለች እታለም ትርንጎ።

«ኀላፊዋ ከሆንሽ እንደማይኮተኮት ታውቂያለሻ።»

«አውቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ እንጠርጋለን፤ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ልማዱ አሳፈረን።»

ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ትንሽም ፈገግ አሉ። «እንዲህ ብሎ የነገረን የለም። ሁልጊዜ እኛው ነን የምንደርስበት» አሉና ጻፉ።

እዚያ ቆሜ ምን እንደተሰማኝ ልናገር። እፎይ አልሁ፤ አፈርሁም። ከሁለቱ በታች ግን ያ የማውቀው ነገር ነበር። ጥፋቴ እንኳ የኔ ሊሆን አልቻለም። እሷ ወሰደችው፤ እሷ እጅ ሲገባም ክብር ሆነ። ሰውየው ከሁላችንም ለይተው ያከበሯት በኔ ጥፋት ነው።

የአገሩ ሰው ግን አላከበራትም። ሦስቱ ክልሎች ተሰርዘው በምትካቸው ሌሎች ተመረጡ፤ ክረምት አልፎባቸው እንደገና እስኪለኩ ውሳኔው አንድ ዓመት ዘገየ። ጣሪያ ያልለበሰው የጤና ኬላ ግድግዳ በሐምሌ ዝናብ ከላይ መናድ ጀመረ። በመስከረም ማኅበሩ ተሰበሰበ።

«ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ስናወርድ እንኖራለን፤ ትርንጎ ግን ለእንግዳ ደጅ ጠረገች» አለች አንዲት ሴት።

«መጥረጉስ ይሁን» አሉ አያ ደሴ፣ ከማኅበሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት። «ምነው ዝም ብትይ? ጠይቀውሽ ነበር?»

«አልጠየቁኝም» አለች።

«ታዲያ?»

«ቢለኩት ውሸት ይሸጥ ነበር፣ አያ ደሴ። ገዥው ከሩቅ ነው፤ አያየንም። አለማየቱ ነው ያስፈራኝ።»

 አባቴ ተነሥተው ሜትሩን እንድታስረክብ ማኅበሩ መወሰኑን ተናገሩ። ከወንበራቸው ወደ እሷ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ረዘም ያለ አስተያየት ነበር። ሰጠቻቸው። እሳቸው ለኔ ሰጡኝ። ሦስት ዓመት ስመኘው የኖርሁት ሜትር እጄ ላይ ሲያርፍ ከእጇ ሙቀት ገና ሞቃት ነበር።

ስብሰባው ሲበተን አጠገቤ መጣች። አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እርጥብ ሆኖ አትጠቅልይው፤ ቁጥሩ ይለቃል» አለችኝና ሄደች።

በዚያው ዓመት ጥር እኔ ለካሁ። እሷ እሾህ መንጣሪ ሆና ከኋላየ ትመጣ ነበር። አንድም ቀን አላረመችኝም፤ ከታች በኩል የቆምሁ እንደሆነ ብቻ ትስላለች። መርማሪዎቹ ተመልሰው መጡ፣ አመኑበት፣ የጤና ኬላው ጣሪያ ለበሰ። በምረቃው ቀን አባቴ የለካችው ልጃቸው መሆኗን ለእንግዳ ሁሉ ነገሩ። እታለም ትርንጎ ከሴቶቹ ጋር ጠላ ትቀዳ ነበር። እውነቱን ለአባቴ ልነግራቸው የምችልባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። አንዱንም አልተጠቀምሁበትም።

ከስልኩ በኋላ አገሬ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር፤ ለሠልስቱ ደረስሁ። ሕመሟ አጭር ነበር አሉኝ፤ ሳንባዋ ነው። ለቅሶው ቤት ውስጥ እናቷ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከአልጋው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «የልኬቱ ጫማ ነው። ለአዲሴ ስጧት፤ ሜትሩ ከእሷ ዘንድ ነው ብላ ነበር» አሉኝ። መቀበል አቅቶኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአባቴ ጋር ወደ ደኑ ወጣን። ክልሎቹ ጋ አልደረስንም፤ አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ዛሬ ካልተናገርሁ መቼም እንደማልናገር ዐወቅሁ።

«አባየ፣ ያኔ የኮተኮትሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙት።

«ፍጉ ከማን በረት የወጣ መሰለሽ?» አሉ። «ግማሹ ሲጎድል የማላይ ነኝ?»

«ያውቁ ነበር?»

«ከጥር ጀምሮ ዐውቃለሁ። መልካም ነገር እየሠራሽ መስሎኝ ዝም አልሁ፤ ጥፋት መሆኑን የሰማሁት እንዳንቺው ከእሷ አፍ ነው። ማን እንዳደረገው ሲጠየቅ ግን እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።»

«ሜትሩን ሲቀበሏትስ?»

«እንደማውቅ ታውቅ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም? አይታኝ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ደጇን ረግጬ አላውቅም።» ድምፃቸው እንደ ስልኩ ጊዜ ሆነ።

«ለምን ዝም አሉ፣ አባየ?»

«ልጄ ነሻ» አሉ፣ ሌላ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት።

ዕድሜየን ሙሉ ከአፋቸው ልሰማው የምፈልገው ቃል ነበር። እንደዚህ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነሥቼ ተናገርሁ። ከኔ ቀጥሎ አባቴ ተነሥተው የራሳቸውን ተናገሩ። ሜትሩን መሬት ላይ አኖርሁት።  አያ ደሴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ይህን ለትርንጎ ነበር መንገር» አሉ። ሜትሩን ማንም አላነሳውም፤ በኋላ ጸሐፊው አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። የጥር ልኬት ቀርቧል። ማን እንደሚለካ እስካሁን አልተወሰነም፤ ከተጠየቅሁ እሾህ እመነጥራለሁ።

ጫማው እዚህ ደብረ ታቦር፣ አልጋየ ሥር ነው። የክፍሌ ልጆች ትምህርት ሲሄዱ አንድ ቀን አደረግሁት። እግሬ ውስጡ ይዋኛል። እንደ እሷ ቀጥ ብዬ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምሁና ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ለክቼ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። በእሷ ላይ ደረቷ ዘንድ፣ ቀዩ ክር ላይ ነበር የሚያርፈው። በኔ ላይ አንገቴ ድረስ መጣ። ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ ያው ነው። ያየሁትን ጻፍሁ።